ዋና ያስተማረኝ ሰው

ስለ ባሕር ሲያወሩ ድምፃቸው የሚለሰልስ ሰዎች ያናድዱኛል። እኔ ከጥልቅ ውሃ ጋር የተዋወቅሁት በእርግጫ ነው። አሠልጣኛችን ከመዝለያው ማማ ጫፍ አቁሞ «ዝለል!» አለኝ። «ቆይ አንዴ» አልኩት። ቆይ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጀርባዬን በቦት ጫማው መትቶ ቁልቁል ላከኝ። ውሃው ፊቴን እንደ ግንብ መታኝ፤ ከዚያ በአፌም በአፍንጫዬም ገባ። ሰመጥኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። የተወለድኩት ከደባርቅ የግማሽ ሰዓት መንገድ በምትርቅ መንደር ነው። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ተመረቅሁና ደባርቅ ከተማ ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ ባጃጅ ሲያልፍ እያየሁ ተቀመጥኩ። ሥራ የለም። አንድ ቀን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ዕጩ የመርከብ መኮንኖች እንደሚፈለጉ አነበብኩ። ተመዘገብኩ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። እናቴ «ደግሞ መርከብ ምን ያደርግልሃል? ሊማሊሞን በመርከብ ልትወርደው ነው?» አለች። አባቴም ከንፈራቸውን መጠጡ። ታላቅ ወንድሜ ብቻ «ሂድ» አለኝ። እኔ እንድማር ብሎ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠው እሱ ነው። «እኔ በሬ ልንዳ፣ አንተ መርከብ ንዳ፤ ሁለቱም ግትር ናቸው» ብሎ እየሳቀ ሻንጣዬን እስከ መናኸሪያ ተሸክሞ ሸኘኝ።

ትምህርት ቤቱ ከኛ አገር ሩቅ፣ አንድ ሐይቅ ዳር ነው። የገባን ዕለት ፀጉራችንን በማሽን እስከ ቆዳችን ላጩት፤ ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ይላጫል። አሠልጣኛችን ድሮ አገሪቱ ወደብ በነበራት ጊዜ ባሕር ላይ የኖረ፣ ድምፁ እንደ ወፍጮ የሚፈጭ ሽማግሌ ነበር። «መርከብ ላይ እሳት ሲነሣ ይቅርታ አይጠይቃችሁም፤ እኔም አልጠይቅም» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ አልጠየቀም። ጠጠር ላይ በክርናችን አስኬደን። ጢስ በሞላበት ቤት ከተተንና በሩን ከውጭ ዘጋብን። አንዱ ጓደኛችን ጢሱ ውስጥ ራሱን ሳተ፤ ጎትተን ስናወጣው ፊቱን በጥፊ አጩሎ «መኮንን አይተኛም!» አለው።

እኔም ብሆን መልአክ አልነበርኩም፤ እጄ ይፈጥናል። አንዱ ከመሐል አገር የመጣ ልጅ ውሃ ላይ ስሰምጥ አይቶ «የሰሜን ድንጋይ» ብሎ ስም አወጣልኝ። ሁለት ቀን ታገስኩት። በሦስተኛው ቀን ምግብ ቤት ውስጥ፣ በሰው ፊት ደገመው፤ ሳህኔን እንደያዝኩ ተነሥቼ የፊት ጥርሱን አወለቅሁት። ለቅጣት የመኪና ጎማ ተሸክሜ ሜዳውን ስዞር ዋልኩ። ልጁ ግን ልክ ነበር፣ ድንጋይ ነኝ። ደባርቅ ያደገ ሰው ዋና ከየት ያውቃል? የኛ ወንዝ ውሃ እግር ሲነካ አጥንት ይሰብራል፤ ማንም ለጨዋታ አይገባበትም።

ፈተናው ግልጽ ነበር፦ ቱታ ለብሰህ፣ ጫማ አድርገህ ከማማው ትዘላለህ፤ ከዚያ መቶ ሜትር ትዋኛለህ። ሦስት ጊዜ ዘለልኩ፤ ሦስት ጊዜ ሰመጥኩ። በሦስተኛው በረጅም እንጨት ጎትተው አወጡኝና ሲሚንቶው ላይ ተዘርሬ የሐይቁን ውሃ ስተፋ አሠልጣኙ ከጭንቅላቴ አጠገብ ቆመ። «አንተ ልጅ፣ መርከቡ ሳይሰምጥ አንተ ትሰምጣለህ» አለኝ። «አሥራ አምስት ቀን ፈቃድ አለህ። አገርህ ገብተህ በምጣድም ቢሆን ተማር፣ ካልቻልክ ግን አትመለስ።»

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው ወደ አገሬ የተነሣሁት። አሥራ አምስት ቀን፤ ወይ ዋና፣ ወይ እንደገና ደባርቅ ላይ ባጃጅ መቁጠር።

ከጎንደር የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዳባት ላይ ሰው ለማውረድ ቆመ። ደባርቅ አብሮኝ የተማረ፣ አሁን ዳባት መምህር የሆነ ልጅ በመስኮቱ አየኝና ሮጦ መጣ። እጁን ዘርግቶ ሊጨብጠኝ ሲል ዓይኑ ጭንቅላቴ ላይ ቀረ። «ተቆረጥከው?» አለኝ። «ምነው፣ አያምርብኝም?» አልኩት እየሳቅሁ። አልሳቀም። እጄን በሁለት እጁ ይዞ «እግዚአብሔር ይባርክህ። የተማረ ሰው ማለት እንዲህ ነው» አለኝ። ምን ነካው ብዬ ሳልጨርስ ሚኒባሱ ተነሣ።

ደባርቅ ስደርስ የገበያ ቀን ነበር። ጥቅምት ነው፤ ፀሐይዋ ደስ ትላለች። ራሴን ሳልሸፍን፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ በእህል ተራው፣ በበግ ተራው መሐል አለፍኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ያኔ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ መኮንን መሆኔን ሰምተው ነው ብዬ። ወይ ሞኝነት!

ቤት ስገባ እናቴ ጥቁር ለብሳለች። «አክስትህ ናት» የሚል የተድበሰበሰ ነገር ነገረችኝ፣ የትኛዋ አክስት እንደሆነች ግን አልነገረችኝም። ወንድሜስ? «ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርዷል፣ ስልክ አይሠራም።» ይህንኑ ሦስት ወር በስልክ ስትነግረኝ ነበር። የአባቴ ፀጉር ጎፍሮ ጆሯቸውን ሸፍኗል፤ «የስለት ነው» አለች እናቴ። እሳቸው ጭንቅላቴን አዩ፤ አይተውም ወጡ።

ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ በሩን ሞልተው ቆሙ። እንዲህ ሲመጡ ምን እንደሆነ በኛ አገር ልጅም ያውቀዋል። መርዶ ነበር። ወንድሜ ከሦስት ወር በፊት ሞቶ ተቀብሯል። የገብስ ማሳችንን ድንበር ገፍተሃል፣ አልገፋሁም ሲባባሉ የአዋሳኛችን ትልቁ ልጅ በክላሽ ሁለት ጥይት ደረቱ ላይ አሳረፈበት። ገዳዩ ያንለት ወደ ቆላ ወርዶ ጠፋ። ወንድሜ ሲሞት እኔ በዚያ ሐይቅ ዳር ጠጠር ላይ በክርኔ ስሄድ ነበር። ግድግዳውን በጭንቅላቴ መታሁት፤ ያዙኝ፤ የያዘኝን አንድ ሽማግሌ በክርኔ ደቁሼ ጣልኩት። እናቴ «እንዳትመለስብኝ ፈርቼ ነው! አንዱን ቀብሬ ሁለተኛውን ደግሞ እንዳልቀብር ነው!» እያለች ደረቷን ስትደቃ ዋለች።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ሰው ከተበተነ በኋላ አባቴ ክላሻቸውን አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«ፀጉርህን ለማን ብለህ ተቆረጥከው?» አሉኝ።

ይህን ነገር ለማያውቅ ልንገር። በኛ አካባቢ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ወይ ደሙን ሳይመልስ፣ ወይ በሽማግሌ ሳይታረቅ ፀጉሩን አይቆረጥም። የጎፈረውን ያየ ሁሉ ይጠነቀቃል፤ የገዳዩ ወንድም፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ፣ ወንድ የተባለ ሁሉ ከደጁ አይርቅም። ተቆርጦ በአደባባይ የታየ ግን ደሙን ትቼዋለሁ ብሎ ያወጀ ነው። እኔ ደግሞ እንደ እንቁላል ተላጭቼ በገበያው መሐል ዞሬያለሁ።

«ትምህርት ቤቱ ነው አባዬ፤ ሁላችንንም ይላጫሉ» አልኳቸው።

«ይህን ማን ያውቃል? ወንድሙን ረሳ ተብሏል፤ ገበያው ሁሉ አውርቶታል።» ክላሹን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ፀጉርህን አሳድግና ተነሣ። ገዳዩ ባይገኝ ወንድሙ አለ።»

«አባዬ፣ ይስሙኝ። አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ። ሰው ገድዬ መርከብ ላይ አልወጣም፤ ደግሞም አልገድልም» አልኩና ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ዱላቸው ከግድግዳው መቼ እንደተነሣ አላየሁም። ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ ጆሮዬን አገኘኝ። «ፈሪ! የሴት ልጅ!» እያሉ ይወቅጡኛል። ስድስተኛው ላይ ደሜ ፈላ። አባቴን ዕድሜ ልኬን አንቱ ስላቸው ኖሬያለሁ፤ አንቱታውን ሳልተው «ይተዉኝ!» ብዬ ደረታቸውን ገፈተርኳቸው። ከመደቡ ጋር ተጋጭተው ወደቁ። እናቴ መሐላችን ስትገባ ዱላው ከንፈሯን ሰንጥቆ አለፈ። አባቴ ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና «ደሙ በኔ እጅ ይመለሳል» አሉ። ከዚያች ቀን በኋላ አላናገሩኝም።

በማግስቱ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ከሊማሊሞ ቁልቁለት ሥር፣ ወንዙ ገደል መትቶ የሚያቁርበት ጥልቅ ኩሬ አለ። ከመንደራችን ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ ወደ ቆላው ስለሚቀርብ እንደኛ ወንዝ አይበርድም። ልብሴን አውልቄ ዘው አልኩ። ጥልቁ ጋ ስደርስ እግሬ መሬት አጣ፤ ያችን የለመድኳትን ነገር አደረግሁ፣ ሰመጥኩ። ውሃ ጠጣሁ። ሁለተኛ ስወጣና ስገባ የሆነ እጅ ብብቴን አንቆ ወደ ጠጠሩ ጎተተኝ።

ተፍቼ ሳበቃ ቀና ብዬ አየሁት። የወንድሜ ገዳይ ታናሽ ወንድም ነው።

ደባርቅ አንደኛ ደረጃ አንድ ዴስክ ላይ አራት ዓመት ተቀምጠናል። ከዚያ አጎቱ ዘንድ፣ ተከዜ ዳር አደገ። ወንድሙ ከገደለ ወዲህ እሱም ከኛ ሸሽቶ፣ እዚያው ቁልቁለት ሥር ከናቱ ጋር አንዲት ጎጆ ውስጥ ተደብቆ ነበር። እኔ ራቁቴን እየተንቀጠቀጥኩ፣ እሱ ልብሱ እንደራሰ፣ ተያየን። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ያዘ።

«ሰው ነግሮን ነው። ፀጉርህን ተቆርጠህ ገበያ መሐል ታየ አሉ» አለኝ። «እናቴ ስትሰማ መሬት ሳመች። ወንድሜ ያደረገውን አላደረገም አልልህም። አንተ ግን ትተኸዋል። እግዜር ይስጥህ።»

አፌን ከፈትኩ። «እኔ አልተውኩም፣ ፀጉሬን ያወረደው ትምህርት ቤቱ ነው፤ አባቴ ደግሞ እየፈለጉህ ነው፣ ሽሽ» ማለት ነበረብኝ። ይህች ስንት ቃል ናት? አሥራ አምስት አትሞላም። እሱ ግን ቀደመኝ፦ «ደግሞ ምን ዓይነት አዋኛኘት ነው እሱ? ገደል የገባ በሬ እኮ ነው የምትመስለው! ነገ ና፣ አስተምርሃለሁ።»

አፌን ዘጋሁ።

ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ነው። እንዲህ ነበር ለራሴ ያልኩት።

አስተማሪነቱ ጨካኝ ነበር። ማጅራቴን ይዞ ውሃ ውስጥ ይደፍቀኝና ቀስ እያለ ይቆጥራል፤ ስንፈራገጥ «አትንፈራገጥ! ውሃ የሚገድለው የሚጣላውን ነው!» ይላል። ስወጣ ሆዴን በጡጫ ይመታኛል፣ ትንፋሽ እንዳላባክን። የተከዜ ልጆች እንዲህ ነው የምንማረው፣ አዞ አይጠብቅህም እያለ ይስቃል። አገጬ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ተተረተረ፤ የበሶብላ ቅጠል አኝኮ ለጠፈበት። ከዚያ መልሶ ደፈቀኝ። ቀትር ላይ ስንቁን ፈትቶ አብረን እንበላለን። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ቁስሌን አይታ የአባቴ ዱላ መስሏት ታለቅሳለች።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር አደረግሁ። በጀርባዬ አንሳፍፎኝ፣ ዝቅ ብሎ ወገቤን ደግፎ ሲያወራኝ ሳቁ የወንድሙን ሳቅ መሰለኝ፤ ያ ማሳ ላይ ወንድሜ ላይ ያነጣጠረው ሰው። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ዞር ብዬ ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ታች ተጫንኩት። በጉልበቴ ትከሻው ላይ ወጣሁ። እግሩ ሲራገጥ፣ ጥፍሩ ክንዴን ሲቦጭቀኝ ይሰማኛል። እኔ ያልኩት «በቃ፣ እንዲህ ነው» ብቻ ነበር። አልለቀቅኩትም። እሱ ራሱ ነው እንደ ዓሣ ተገልብጦ ያመለጠኝ። ሦስት ክንድ ያህል ርቆ ብቅ አለና አስነጠሰው፤ ዓይኑ ደም ለብሷል። ሊሮጥ ነው ብዬ ጠበቅሁ። በሳቅ ፈነዳ!

«እሰይ! አሁን ገና ጉልበትህን አወጣኸው! ጎበዝ!» አለኝ። ጨዋታ መስሎታል። በኔ ላይ ያለው እምነት እስከዚህ ነበር። አሁንም አልነገርኩትም። በዚያ ሰዓት ብነግረው ምን ላደርግ እንደነበር ይገባው ነበርና ጭራሽ አፈርኩ።

በስድስተኛው ቀን ኩሬውን ተሻገርኩ። ወዲያና ወዲህ፣ ሳልቆም ሦስት ጊዜ። እሱ ዳር ላይ ሆኖ እልል ይላል፣ እንደ ሴት። እኔም ውሃው መሐል ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ዕለት የተደሰትኩበት ቀን የለም፤ ወንድሜ በሞተ በሦስተኛው ወር፣ ከገዳዩ ወንድም ጋር! እናደዳለሁ እንጂ አልክደውም። «ነገ ደግሞ በሱሪና በጫማ» አለኝ። እሺ አልኩት። ከባድ ነበር፣ ጫማው እንደ መልሕቅ ይጎትታል፤ ግን ቻልኩ። በሰባተኛው ቻልኩ፣ በስምንተኛው በደንብ ቻልኩ።

እሱም እየደፈረ ሄደ። መጀመሪያ በጫካው ውስጥ ተሽሎክሉኮ ነበር የሚመጣው። በኋላ በዋናው መንገድ እያፏጨ መምጣት ጀመረ። ለቅዳሜ ገበያ ደባርቅ እወጣለሁ፣ ለናቴ ጨው እገዛለሁ አለኝ። «ካንተ ጋር ብታይ ደግሞ ማን ይነካኛል?» አለ። በስምንተኛው ቀን ማታ አባቴን ደጅ ላይ ክላሻቸውን ሲወለውሉ አየኋቸው። ዝንጀሮ ገብሱን አስቸግሮ ይሆናል አልኩ። ያልኩትን እየነገርኳችሁ ነው፤ አምኜበታለሁ አላልኩም።

ዘጠነኛው ቀን የመጨረሻችን ነበር፤ በማግስቱ እሳፈራለሁ። ሱሪዬንና ጫማዬን እንዳደረግሁ ከገደሉ ጫፍ ልዘልል ተስማማን። ስወጣ ልቤ ከበደኝና «አንድ የምነግርህ ነገር አለ» አልኩት ከላይ ሆኜ።

«መጀመሪያ ዝለል! ከዚያ ትነግረኛለህ!»

ዘለልኩ። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ መዋኘት ጀመርኩ። እሱ በማዶ ዳር ቆሞ በጭብጨባ ይቆጥርልኛል። አራተኛው ዙር ላይ ጭብጨባው መሐል ሌላ ድምፅ መጣ። ገደሉ ተቀብሎ መለሰው፤ ሁለት መስሎ ተሰማ። ቀና ስል እሱ ሆዱን ይዞ ተቀምጧል፣ አንድ ነገር የጠፋበት ይመስል መሬት መሬቱን ያያል። ሁለተኛው ጥይት አንገቱን አገኘው። ወደ ፊት ተደፍቶ ውሃው ውስጥ ወደቀ።

ዋኘሁ። እንደዚያ ዋኝቼ አላውቅም። ብብቱን አንቄ፣ እሱ እንዳሳየኝ አድርጌ ወደ ጠጠሩ ጎተትኩት። ደሙ በጣቶቼ መሐል ይፈላል፤ በእጄ ልደፍነው ሞከርኩ፣ በሸሚዜ ልደፍነው ሞከርኩ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው። አባቴን አላየም፤ ከላይ ከኋላው ነበሩ። ያየው እኔን ብቻ ነው። ያውቅ ይሆን? አስቤው አስቤው ደክሞኛል። ሊናገር አፉን ከፈተ፣ የወጣው ግን ደም ነው። ጭኔ ላይ ሞተ።

አባቴ ከማዶው ዳገት አናት ላይ ቆመው ወደ ሰማይ ሦስት ጊዜ ተኮሱ። «የልጄ ደም!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩኝ፦ «በል አሁን ወደ ባሕርህ ሂድ።»

ድንጋይ አነሣሁ። አባቴ ላይ ወረወርኩ፣ ሌላም ወረወርኩ፣ አንዱም አልደረሰም። «ምን አድርጎ? እሱ ምን አድርጎ!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። እሳቸው ፊታቸውን አዙረው ዳገቱን ወጡ። ደባርቅ ደርሰው ፖሊስ ጣቢያ እጃቸውን ሰጡ። እናቴ እንደነገረችኝ፣ ከመግባታቸው በፊት ፀጉር ቤት ጎራ ብለው ተቆርጠዋል።

እኔ ለፖሊስ ያየሁትን ተናገርኩ። ያየሁትን ብቻ። ማን ተኮሰ? አባቴ። አንተ ምን ትሠራ ነበር? ዋና እማር ነበር። መርማሪው ጻፈ፣ ፈረምኩ። ሟቹ ለምን ወደዚያ ይመጣ እንደነበር አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ከአንድ ቀን መዘግየት በኋላ ተሳፈርኩ። ከማማው ዘለልኩ፣ መቶ ሜትሩን ዋኘሁ፣ ተመልሼ ሌላ መቶ ዋኘሁ። አሠልጣኙ «በቃ ውጣ፣ አለፍክ!» እያለ ይጮኻል፤ አልወጣሁም። ሁለት ልጆች ገብተው ነው እየታገሉ ያወጡኝ፤ አንዱን ነክሰኸዋል አሉኝ። ጥርሱን ያወለቅሁት ልጅ ነበር።

መኮንን ሆንኩ። ሞተር ክፍል ውስጥ፣ ከውሃው ወለል በታች ሦስት ዓመት ሠራሁ። አባቴ ጎንደር ታስረዋል። እናቴ በየወሩ «አትምጣ» ትለኛለች፤ አሁን የሚፈለገው ደም የኔ ነውና። በሦስተኛው ዓመት ሽማግሌዎችና ካህናት ሁለቱን ወገን ለዕርቅ አስማሙና ላኩብኝ፤ ያለኔ አይሆንም። ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ።

ዕርቁ የተደረገው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከዛፍ ሥር ነው። የነሱ ወገን በአንድ በኩል፣ የኛ በሌላ በኩል። መስቀል ተያዘ፣ ተማለ፤ ከዚህ በኋላ ደም የፈለገ ውግዝ ይሁን ተባለ። ወንዶቹ ተነሥተው ተሳሳሙ። ከዚያ ከአንድ ገበታ መብላት ነው፤ አብረው ካልበሉ ዕርቁ አልጸናም። ሳህኑ ሲቀርብ ዋና ያስተማረኝ ልጅ እናት እጃቸውን አነሡ። ቀጭን፣ አጭር ሴት ናቸው። ከገባሁ ጀምሮ ዓይናቸውን ከኔ አላነሡም።

«አንድ ነገር ልጠይቀው» አሉ።

«እመት፣ ተምሎ አብቅቷል እኮ» አሉ ቄሱ።

«ክርክር አይደለም አባ። ልጠይቀው ብቻ።» ወደኔ ዞሩ። «ልጄ ወንዝ ዳር ሲያገኝህ፣ ፀጉርህን የተቆረጥከው ደሙን ትተህ እንዳልሆነ፣ ትምህርት ቤት የላጨህ መሆኑን ነግረኸዋል?»

ይህን ከማን እንደሰሙ አላውቅም። አዎ ብል ማን ይመሰክርብኛል? የኛ ወገን ሁሉ አዎ እንድል በዓይኑ ይለምነኛል። እናቴ ነጠላዋን ነክሳለች።

«አልነገርኩትም እማማ።»

«ለምን?»

«ዋና መማር ፈልጌ ነው። ብነግረው አይመጣም ነበር።»

ከነሱ በኩል አንዱ ጎረምሳ ተነሣ፤ ሁለት ሽማግሌ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። «በስንተኛው ቀን ቻልከው?» አሉኝ።

«በስድስተኛው።»

አቀርቅረው በጣታቸው ጭናቸው ላይ ቆጠሩ። «እኔ ዘጠኝ ቀን ነው ስንቅ የቋጠርኩለት» አሉ። «ለሁለት ሰው አድርጊው፣ አብረን ነው የምንበላው ብሎኝ። ለሁለት ሰው ነበር የምቋጥረው።»

 ለሦስቱ ቀን ምን ልበላቸው? በሰባተኛው ቀን አብረን ሳቅን፣ በስምንተኛው ስለ ገበያው አወራን። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ታች አደረጉ። እኚህ ሴት ተነሥተው ቢሄዱ ዕርቁ ፈረሰ፤ ከዚያ ጎረምሳ ጀምሮ እስከ እኔ ማን እንደሚሞት እንጃ። ቢሄዱ እውነት አላቸው።

አልሄዱም። እጃቸውን ታጥበው ወደ ገበታው ቀረቡ። እንጀራውን ቆረሱ፣ ሥጋውን ጠቀለሉ። ወደ አፌ አመጡት።

«ብላ» አሉኝ። «እጄን ለምደኸዋል።»

አፌን ከፈትኩና ጎረስኩ። እስክውጠው ድረስ ቆመው ጠበቁኝ።